በስልኬ ግርጌ ያለፈ መርዶ

ስልክ ላይ የሚታየውን ነገር የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ዓይናቸው ጤነኛ፣ ጣታቸው ፈጣን፣ ምሳቸውንም ቆመው የሚበሉ ይመስለኛል። ካልሆነ ምን ያስቸኩላቸዋል? መልእክት ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ይላል፤ ዓይኔን ወደዚያ እስካወርድ የለም። ምን አለ? ስለ ማን አለ? የሚጠየቅ የለም። በር አንኳኩቶ ሳይከፈትለት የሚሄድ እንግዳ እንኳ እንደዚህ አያናድደኝም፤ እንግዳውን ቢያንስ ከደጅ ጠርቼ እመልሰዋለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በማንበብ ነው። ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰው ስህተት ስለቅም ጡረታ ደረስኩ። ያን ሁሉ ፊደል ያሳለፉ ዓይኖቼን ግን ግላኮማ አገኛቸው። ቀኙን ጨርሶ ወሰደው። ግራውን በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው አድርጎ ተወልኝ። ፊት ለፊቴ ያለችውን ትንሽ ክብ አያለሁ፤ ዙሪያዋ ጨለማ እንኳ አይደለም፣ ዝም ብሎ የለም። ስልክ ስይዝ በአንድ ጊዜ የሚታየኝ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቃል ነው። ለዚህም ሲባል ስልኩ ጣቴ ያረፈበትን በድምፅ እንዲያነብልኝ አስተካክለውልኛል። ድምፁ አማርኛውን እያነከሰ ነው የሚያነበው፤ ቢሆንም ለምጄዋለሁ። ችግሩ፣ የሚያነበው ጣቴ ያረፈበትን ብቻ ነው። ጣቴ ሳይደርስ ብቅ ብሎ ለጠፋው ነገር መላ የለውም። እኔ ላይኛውን ስፈልግ ታችኛው መጥቶ ሄዷል።

ይህን የምጽፈው ያሳዝናል ብዬ አይደለም። ያናድዳል ብዬ ነው።

ንዴቱን ለብዙ ጊዜ ለብቻዬ ችዬው ኖርኩ። ታክሲ የምጠራበት አፕ አንድ ነገር ብሎኝ ይጠፋል፤ ተቀበለኝ ይሁን አልተቀበለኝ ሳላውቅ ዝናብ ላይ እቆማለሁ። ይሁን አልኩ፤ አንዱ ታክሲ ቢያልፍ ሌላ ይመጣል። እድራችን አፕ ካሠራ በኋላ ግን ይሁን የማይባል ነገር መጣ።

እድራችን ከጊዮርጊስ በታች የነበረው ሰፈራችን የቀብር እድር ነው። ጡሩምባ ነፊ ነበረን። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ይነሳና በየማዕዘኑ እየቆመ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ተናግሮም ይጠብቃል። አንዱ መስኮት ተከፍቶ «ማን ነው ያልከው?» የሚል ካለ ከመጀመሪያው ይደግምለታል። ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ያለበት ቤት ሲደርስ በሩን በዱላው ይመታል። የሟቹ ልጅ ወይም እህት ያለችበት ደጅ ሲደርስ ደግሞ ጡሩምባውን ወደ መሬት አዙሮ፣ እግሩን አለስልሶ ያልፋል፤ እዚያ ቤት መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸውና። እንቅልፌን ስለሚያቋርጠኝ ስንት ጊዜ አማርሬዋለሁ። አሁን ባገኘው ጉልበቱን እስማለሁ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ አንዱ ልጁ ጋ ገባ፣ አንዱ ከከተማው ዳር ተከራየ። እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል አግኝቼ እዚሁ ቀረሁ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ቤቱን ቢያጣ ቀባሪውን አይጣ ተባባልን። ከፒያሳ የተነፋ ጡሩምባ ደግሞ ከተማው ዳር አይሰማም፤ ጡሩምባ ነፊውም ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገባ። እንግዲያው አፕ ይሠራ ተባለ። እጄን አውጥቼ ደገፍኩ።

ከተበተኑት መካከል ጓደኛዬ ነበረች። ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው። ቀኝ ዓይኔ መጥፋቱን ከሐኪሙ ቀጥሎ ያወቀችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አብረን ፒያሳ ስንወጣ፣ ማንም ሳይነግራት በቀኜ በኩል ትሆንና ክርኔን ትይዛለች። ከዚያ በኩል መኪና ሲመጣ ጫን ታደርገኛለች፤ ወሬዋን ግን አታቋርጥም። ባለቤቷ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ እኔን «አራሚዋ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰው። ቤታቸው ሲፈርስ ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ እናወራለን፤ ክርን ግን በስልክ አይያዝም።

አንድ ቀን ባለቤቷ በድንገት ሞቱ።

ያን ዕለት ጠዋት ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነበር። ስልኬ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ድምፅ አሰማ። ብድግ አደረግሁት። ከግርጌው አንድ ጥቁር ነገር ውልብ አለኝ፤ ዓይኔን ሳወርድ ጠፋ። የእድሩን አፕ ከፈትኩ። የሻማ ሥዕልና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ጣቴን ከዳር እስከ ዳር አመላለስኩ። ድምፁ እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ ይለኛል። ወዴት ነው የመጣሁት? ምናልባት ማስታወቂያ ይሆናል ብዬ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ እኔ ልብስ ሳጥብ ጓደኛዬ ባሏን ቀበረች።

በማግስቱ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ አንዲት የእድራችን ሴት አገኘችኝና «ትናንት አጣሁሽ፣ አሞሽ ነው?» አለችኝ። «ከየት ነው ያጣሽኝ?» አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ በዚያች ቀዳዳዬ አየሁት።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ እንደቆመ ነበር። ጓደኛዬ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ወድቄ አቀፍኳት፤ እጇን አልዘረጋችም።

«አፈር ሲመለስባቸው ዞር ብዬ ፈለግሁሽ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ነበረ።»

«አልሰማሁም እኮ! በእመብርሃን አላየሁም።»

«አይተሻል። የእድሩ ዳኛ ስልካቸውን አውጥተው አሳይተውኛል፤ አይተሻል።»

አሳይተዋታል፣ እውነት ነው። አፑ መልእክቱን ባወጣበት ስልክ ባለቤት ስም አጠገብ «አይተዋል» ብሎ ይጽፋል። ማየቴን በምን አወቀ? እሱ ስላሳየ። አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ጉድ መርዶውን ዓይን እስኪያርፍበት እንኳ ሳይቆይ ለቀቀ፣ «አይተዋል» የምትለዋን ውሸት ግን እንደ ሞኝም እንደ ወረቀትም ጨብጦ ቀረ። ከአፌ የወጣው ቃል ከስልክ ከወጣው ቃል አነሰባት፤ ያውም ከልጅነት ጀምሮ ለምታውቀኝ ሰው። ከዚያ ወዲያ ስደውልላት አታነሳም። ወራት አለፉ። ፒያሳ ስወጣ ግራዬን ወደ መንገዱ አድርጌ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኬ መሄድ ለመድኩ።

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጥታ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ሄድኩ። የሚሰበሰቡት የእድሩ ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥባት ክፍል ነው፤ ያቺ ሳትፈርስ ቀርታለች። ዳኛው አሉ፣ ጸሐፊው አሉ፣ አፑን የሠራችው የዳኛው የእህት ልጅም አለች። ባንክ ቤት የምትሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አፑን የሠራችው ለነፍስ ብላ በነፃ ነው፤ ይህም እንዳልጮህባት አፌን ያዘኝ። ለዳኛው ግን ምንም አልያዘኝም።

«ጋሼ፣ መርዷችሁ ለምንድን ነው የማይቆመው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ደርሶሽ የለ እንዴ?»

«አልደረሰኝም።»

«ደርሷል ይላል እኮ፣ ተመልከች» ብለው ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት። አላየሁም ብዬ ለመጣሁ ሰው፣ ማየቴን የሚያስረዱኝ በማላየው ነገር ነው። በሆዴ ጌታዬ፣ አንተው አስታግሠኝ አልኩ።

ልጅቷ መሐል ገባች። «እትዬ፣ የለቅሶ መልእክት ሲሆን ቶሎ እንዲጠፋ ያደረግነው ሆን ብለን ነው።»

«ሆን ብላችሁ?»

«መጀመሪያ ይቆይ ነበር። አንዷ አባላችን ታክሲ ውስጥ ሆና የገዛ አባቷን ሞት ስልኳ ላይ አነበበችው። ሽማግሌዎቹ ሊያረዷት ቤቷ ቁጭ ብለው እየጠበቋት።»

«እዚያው ታክሲው ውስጥ ነው ተዝለፍልፋ የወደቀችው» አሉ ዳኛው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገር? ኮሚቴው ተቀምጦ ወሰነ። ብቅ ይበል፣ ይጥፋ፣ ምልክትም አይቅር። መርዶ ስልክ ላይ ተለጥፎ አይውልም።»

ሰው የሚያናድደኝ ያለ ምክንያት ሲያጠፋ አይደለም፤ ያን ጊዜ ተሳድቤ ይወጣልኛል። አንጀት የሚበላ ምክንያት ይዞ የተሳሳተ ነገር ሲሠራ ነው ደሜ የሚፈላው። ያቺን ልጅ አሰብኳት፣ አሳዘነችኝም። ግን መልእክቱ ቶሎ ቢጠፋ እሷን ምን ጠቀማት? እሷ ዓይኗ ፈጣን ነው፣ ብቅ ሲልም ታነበዋለች። የሚያመልጠው ለእኔ ነው። ማየት የሌለባት እያየችው፣ ማየት ያለብኝ እኔ እንዳላየው አድርገው ሠርተውት እርፍ አሉ።

«ጡሩምባ ነፊው እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ዝም አላለም» አልኳቸው። «ዝም የሚለው የሟች ዘመድ ደጅ ላይ ብቻ ነበር።» ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «የቅርብ ዘመዶቹን ስልክ፣ ሽማግሌዎቹ ነግረናቸዋል እስኪሉ ድረስ ለይቶ ማቆየት አይቻልም?»

«ይቻላል» አለች። «ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።»

«የሌላው ሰው ስልክ ላይ ደግሞ እስኪነካው ድረስ ይቁም። በድምፅም ይነበብ። ድንገት ቢያመልጠኝ ተመልሼ የማገኝበት ቦታ ይኑረው።»

ዳኛው ተነፈሱ። «እህቴ፣ ለአንድ ሰው ብለን ሁሉን እናፍርስ?»

«ለአንድ ሰው?» እዚህ ላይ ጮህኩ፣ አልደብቅም። «ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ጆሯቸው አይሰማም፤ ስልካቸው ቢጮህ ምን ይነግራቸዋል? የኔታ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩን ከኪሳቸው እስኪያወጡ ስንት መርዶ ያልፋል? ከመሐላችን ፊደል እየቆጠረች የምታነብ የለችም? የእድር አባል እኮ አብዛኛው ሽማግሌ ነው! ለመሆኑ ስትሠሩት ሞክራችሁታል?»

«እንዴታ! በደንብ ነው እንጂ።»

«ምን ብላችሁ ጽፋችሁ?»

ጸሐፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሰላም ብለን ነው» አሉኝ።

ሰላም! ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝም እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ስለሆንኩ ነው። የሞት መልእክት ለሙከራ የሚጽፍ ማን አለ? የማንን ስም ያስገቡ? ሟርት ነው። ዳኛው የራሳቸውን አያስጽፉ፣ ጸሐፊው የሚስታቸውን አያስጽፉ። ከራሳቸው ፈጥረው እንዳይጽፉ፣ በዚያ ስም የሚጠራ አንድ ምስኪን በከተማው አይጠፋም። ስለዚህ «ሰላም» ብለው ላኩ። «ሰላም» ብቅ አለ፣ ተነበበ፣ ጠፋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። ከነአባት ከነአያት ስሙ፣ ከነክርስትና ስሙ፣ ከነቦታው ከነሰዓቱ የሚመጣውን መርዶ በ«ሰላም» ልክ ሰፍተው አለበሱት።

«የእኔን ስም ጻፊው» አልኳት።

«ጠላትሽ ይሙት!» አሉ ዳኛው። ጸሐፊው አማተቡ። ልጅቷ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«ጻፊ አልኩሽ። ይህን ሁሉ ንዴት ተሸክሞ የሚሞት ሰው የለም፤ አይዞሽ።»

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ጻፈች። ዳኛው የቤተ ክርስቲያን ስም በውሸት አይነሳም ስላሉ፣ ሽኝቱ ከዚሁ ከእድሩ ክፍል በስምንት ሰዓት ይሆናል ተባለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ይህ መልእክት ሙከራ ነው» የሚል እንዲጨመር ራሳቸው አዘዙ። ልጅቷ «ለኮሚቴው አባላት ብቻ» የሚለውን መረጠችና ላከችው።

የዳኛው ስልክ ጮኸ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ የመነጽራቸውን ማኅደር አወጡ፣ ከፈቱ፣ መነጽሩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት።

«የታለ?» አሉ።

ጸሐፊው እስከ አባቴ ስም ድረስ ደርሰው ነበር። ሙከራ የምትለዋን ማንም አላያትም። ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጡት ቆዩ፤ ከዚያ ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው «እሺ፣ እንዳለችው አድርጊው» አሏት። በስብሰባ ላይ ስልክ ይዘጋ ብለው የሁላችንንም አስዘጉና ሥራ ተጀመረ። ልጅቷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ጽሑፉ ምን ያህል ይትለቅ? ከላይ ይምጣ ከታች? በአንድ ጣት ይዘጋ? አንዳንዱን ሳልመልስ እሷው ቀድማ ትደርስበታለች። ዳቦና ሻይ መጣልን።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከደጅ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። የሰው ለቅሶ ነው ብዬ ከንፈሬን ልመጥ ስል፣ የሚጠራው ስም የእኔ ነው።

«እህቴ! እህቴን! ሳልታረቅሽ ሄድሽብኝ!»

በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ ገባች። የባለቤቷን ስልክ ረስተነው ነበር። ከሞቱ በኋላ ስማቸውን ከኮሚቴው ውስጥ ለመሰረዝ ማንም አልደፈረም፤ እሷም ስልካቸውን ቻርጅ እያደረገች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ታኖረዋለች። መርዶዬ የደረሳት በዚያ ነው።

ዳቦ በእጄ እንደያዝኩ አየችኝ። ለቅሶዋ አፏ ላይ ቆመ። ቀረብ አለችና ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ፣ ደገመችኝ።

«አንቺ! ሞተሽም አታሳርፊኝ!»

ከዚያ በታጠፈው ድንኳን ላይ ተቀምጣ እውነተኛውን ለቅሶ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለሷም፣ ለባሏም፣ ላልቆምኩበትም ቀብር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ቀን አልገደደንም።

ዳኛው ተደናግጠው ቆመዋል። «ሙከራ ነው ይላል እኮ፣ መጨረሻው ላይ» አሉ።

ጓደኛዬ ቀና አለች። «የቱ መጨረሻ? ስሟን አነበብኩ፣ ቦታውንና ሰዓቱን አነበብኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጠፋ! የሚደወልለት ሁሉ ስልኩን ዘግቷል። ያንን አፕ ባነካካው ባነካካው እንኳን ደህና መጡ ይለኛል!» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺንም እንኳን ደህና መጡ ነው ያለሽ?»

«ከዳር እስከ ዳር» አልኳት።

ዳኛው ስልካቸውን ከፍተው መልእክቱ ለነማን እንደደረሰ ሊያጣሩ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። የራሳቸውን ስም ጠሩ፤ አይተዋል። የጸሐፊውን ጠሩ፤ አይተዋል። የጓደኛዬ ባለቤት ስም ጋ ሲደርሱ ስልኩን ዝቅ አደረጉት። እሷ ተነስታ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደችና አየችው።

«እሳቸውም አይተዋል ይላል» አለች። ስልኩን መለሰችላቸው። «እሷም እንደዚህ ነው ያየችው ማለት ነው።»

ዛሬ የእድራችን መርዶ ብቅ ብሎ አይጠፋም። በትልልቁ ይጻፋል፣ በድምፅ ይነበባል፣ እስኪነኩት ይቆማል፤ የሟቹ ዘመዶች ስልክ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይቀድሙት አይገባም። «አይተዋል» የምትለው የምትመጣው ሰው በጣቱ ሲነካው ነው። የታክሲው አፕ እንዳስለመደኝ ብቅ እያለ ይጠፋል፣ ከሱ ጋር ገና አልጨረስንም።

ያን እሑድ ከእድሩ ክፍል ወጥተን ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስንያያዘው ይቅርታ አልተባባልንም። ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፣ በቀኜ በኩል ዞረችና ክርኔን ያዘችው። ኮንዶሚኒየሙ ውኃ እንደማይወጣለት፣ ከበላይዋ ፎቅ ያሉት ሰዎች ሌሊት ወንበር እንደሚጎትቱባት ታወራልኝ ጀመር። መሐል ላይ ጫን አደረገችኝ። ቆምኩ። መኪናው አለፈ፤ እሷ ስለ ወንበሩ ማውራቷን አላቋረጠችም።